«የሆነ ችግር ተፈጥሯል»፤ እሺ፣ ግን ምን?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ አፕዴት ላድርግ ስል ትንሽ ይሄድና ይቆማል። «የሆነ ችግር ተፈጥሯል፤ ቆይተው እንደገና ይሞክሩ» ይለኛል። ቆየሁ፣ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ከሥሩ ዜሮ ኤክስ 80070070 የሚል ቁጥር አለ፤ ለማን እንደተጻፈ አይገባኝም። የመመረቂያ ጽሑፌ ያለው እዚሁ ላይ ስለሆነ አንድ ነገር ነክቼ እንዳላጠፋው ፈርቻለሁ። ምን አበላሽቼ ነው? ችግሩን ካወቀው ደግሞ ለምን አይነግረኝም?
የጨነቃት ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላበላሸሽም። ዲስክሽ ሞልቷል። ቁጥሩ የሚለው ይሄንኑ ነው።

እንዴት እንደሚነበብ ላሳይሽ፣ ሌላ ጊዜም ይጠቅምሻል። በ8007 የሚጀምር ከሆነ ምክንያቱ ዊንዶውስ ከድሮ ጀምሮ ከሚጠቀምበት የስህተት ዝርዝር ውስጥ አለ ማለት ነው። ትርጉሙ ያለው መጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ላይ ነው። ያንቺ 0070 ነው። የተጻፈው ሄክሳዴሲማል በሚባለው፣ በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት በሚቆጥር አጻጻፍ ስለሆነ እኛ በለመድነው አቆጣጠር 112 ይሆናል። 112 ደግሞ በዝርዝሩ ላይ «ዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም» ነው። መጨረሻው 0005 ቢሆን ፈቃድ ተከልክሏል፣ 0002 ቢሆን የተፈለገው ፋይል አልተገኘም፣ 0020 ቢሆን ደግሞ ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል ማለት ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። ኮምፒውተሩ ያውቃል! ቦታ እንደሌለ አውቆ፣ ቁጥር ሰጥቶት፣ ለሰው ሲናገር ግን «የሆነ ችግር» ይላል። «ቆይተው ይሞክሩ» የሚለው ምክር ደግሞ የባሰ ነው፤ ዲስክ ስለቆየሽ አይጎድልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስጨነቀሽን ነገር «ቦታ አልቋል፣ ትንሽ አጽጂ» የሚል አንድ መስመር ይፈታው ነበር።

ለምን እንዲህ ይሆናል ላልሽው፣ ፕሮግራም የሚሠራው ተደራርቦ ነው። ከታች ያለው ክፍል ፋይል ሊጽፍ ሞክሮ ቦታ ሲያጣ ምክንያቱን ከነቁጥሩ ከላዩ ላለው ያቀብላል፣ ያኛው ደግሞ ለሌላው፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ሲወጡ ምክንያቱ መንገድ ላይ ይጠፋና አንቺ ጋ የሚደርሰው «አልተሳካም» ብቻ ይሆናል። የላይኛውን ክፍል የጻፈው ሰው ለእያንዳንዱ ምክንያት የተለየ ዓረፍተ ነገር ከማዘጋጀት ለሁሉም የሚሆን አንድ ጽፎ አልፏል። አንዳንዴ መደበቁ ተገቢ ነው፣ እሱን አልክድም። አካውንትሽ ውስጥ ልትገቢ ስትሞክሪ «የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ትክክል አይደለም» የሚልሽ ሆን ተብሎ ነው፤ የትኛው እንደተሳሳተ ከተናገረ ሌባው የትኛው አካውንት እንዳለ ያውቅበታል። የዲስክ መሙላት ግን ከማን ይደበቃል?

ይሄ ደግሞ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፕሮግራሞች ለተጠቃሚ እንዲመቹ የሚያጠናው ጃኮብ ኒልሰን በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው አሥር መመሪያዎች ውስጥ የስህተት መልእክት በተራ ቋንቋ ይጻፍ፣ ችግሩን በትክክል ይጥቀስ፣ መፍትሔም ይጠቁም ብሎ ነበር። ስንት ዓመት ሆነው! ፕሮግራም የምትጽፉ ወገኖቼ፣ እባካችሁ፣ ከወዲያ ማዶ አንድ የጨነቀው ሰው እንዳለ እያሰባችሁ ጻፉ።

እኔም ደርሶብኛል። አንድ ቀን ኮምፒውተሬ የትኛውንም ድረ ገጽ አልከፍት አለ፤ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ብቻ ነው የሚለው። ተጠለፍኩ ብዬ የይለፍ ቃሎቼን ሁሉ ስቀይር ዋልኩ። ለካ የኮምፒውተሩ ቀን ነው ዓመታት ወደኋላ የሄደው! ድረ ገጾች የሚያሳዩት የደኅንነት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ኮምፒውተሩም ከራሱ ሰዓት ጋር ነው የሚያስተያየው። ሰዓቱን የምትጠብቀው ትንሿ ክብ ባትሪ አልቃ ነበር። ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ሁሉም ተከፈተ።

ወዳንቺ ልመለስ። ከሁሉ በፊት ጽሑፍሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ። ቀጥሎ ሪሳይክል ቢን ባዶ አድርጊ። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ ገብተሽ ጊዜያዊ ፋይሎችን አጥፊ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ዳውንሎድስ የሚል ካየሽ ግን ምልክት እንዳታደርጊበት፤ ያወረድሻቸው ነገሮች አብረው ይጠፋሉ። «ይህን የስህተት ቁጥር እናስተካክላለን» የሚሉ ፕሮግራሞችንም እንዳታወርጂ፤ ችግርሽ ቦታ ነው፣ እነሱ ተጨማሪ ቦታ ይይዙብሻል፣ ቫይረስም ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ድረ ገጽ 500 እያለ አልከፈት ብሎኛል። ብሮውዘሬን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም አታድርግ። በ5 የሚጀምር ከሆነ ችግሩ ያለው ድረ ገጹ የተቀመጠበት የባለቤቶቹ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ነው፤ የሚጠግኑት እነሱ ናቸው። በ4 የሚጀምረውን ነው ካንተ በኩል የምታየው። 404 ከሆነ ለምሳሌ ገጹ እዚያ አድራሻ ላይ የለም፣ ስለዚህ አድራሻውን በትክክል መጻፍህን አረጋግጥ። «ቆይተው ይሞክሩ» የሚለው ምክር ላንተ በትክክል ይሠራል፤ ነገ ሞክረው።