ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ ስለ ማስነሻ ዲስክ ጥያቄና መልስ

የጎንደር ልጆች፣ ስለ ሲስተም ኢሜጅ (ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹንና ፋይሎቹን እንዳሉ የሚይዝ ሙሉ ቅጂ) እና እሱን ስለሚመልሰው ማስነሻ ዲስክ የከበዳችሁን ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ። ጥምቀት ሳይደርስ ማስነሻ ዲስክ ላዘጋጅ ነው። ዲስኩ ብቻውን ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ዲስኩ ቁልፍ ነው፤ ቤቱ ኢሜጁ ነው። ዲስኩ ውስጥ ፎቶሾፕህም የሙሽሮች ፎቶም የለም። ኮምፒውተሩን አስነስቶ ኢሜጁን ካስቀመጥክበት እንዲመልስ ብቻ ነው የሚያገለግልህ። ኮንትሮል ፓነል ግባና «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር» የሚለውን ክፈት። በግራ በኩል ሁለት ምርጫ ታያለህ፤ አንዱ ሲስተም ኢሜጅ፣ ሌላው ሪፔር ዲስክ፣ ማለትም ማስነሻ ዲስኩን፣ ይሠራል። ሁለቱንም ሥራ። ኢሜጁ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ደግሞ አትርሳ፣ ኢሜጁ የሚይዘው በተሠራበት ቀን የነበረውን ብቻ ነው። የጥምቀቱን ፎቶ ለብቻው ባክአፕ አድርግ፤ አለዚያ ኢሜጁን ስትመልስ ድራሹ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ከማራኪ ነኝ። ላፕቶፔ ሲዲ ማስገቢያ የለውም።

መልስ፦ በፍላሽ ይሆናል እህቴ። መፈለጊያው ላይ «ሪከቨሪ ድራይቭ» ብለሽ ጻፊ። የሲስተም ፋይሎቹንም ከጨመርሽ ቢያንስ 16 ጊጋ ፍላሽ ያዢ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ መዝሙርም ፊልምም ካለ ቀድመሽ አውጪ።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ። አይኤስኦ ፋይሉን (የማስነሻ ዲስኩን ይዘት በአንድ ፋይል የያዘውን) ፍላሽ ላይ ኮፒ አደረግኩ፤ አይነሳም።

መልስ፦ ኮፒ ብቻውን ፋይሉን ያስቀምጠዋል እንጂ ፍላሹን ማስነሻ አያደርገውም። ሩፈስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በእሱ ጻፈው። የዲስኩን አከፋፈል ሲጠይቅህ አዲስ ማሽን ከሆነ ጂፒቲ፣ በአሮጌው ባዮስ (የማሽኑ ማስነሻ ፕሮግራም) የሚነሳ ከሆነ ኤምቢአር ምረጥ። ከዚያ ስታበራው፣ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የምትመርጥበት ዝርዝር እንዲመጣ፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ደጋግመህ ተጫን።

ጥያቄ፦ ሪስቶር ስል «ኢሜጅ አልተገኘም» ይለኛል።

መልስ፦ «ዊንዶውስ ኢሜጅ ባክአፕ» የሚለው ፎልደር ስሙ ሳይቀየር፣ በሌላ ፎልደር ውስጥ ሳይገባ ሃርድ ዲስኩ ላይ ከላይ መቀመጥ አለበት። «የጎንደር ባክአፕ» ብለህ ስሙን ካሳመርከው አያውቀውም።

ጥያቄ፦ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስኬን በ256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ልተካ ነው። የተያዘው 60 ጊጋ ብቻ ነው፤ ይገባል?

መልስ፦ በዊንዶውሱ መሣሪያ እሺ አይልህም። የተያዘውን ሳይሆን የድሮውን ዲስክ መጠን ነው የሚያየው። እኩል ወይም የሚበልጥ ፈልግ፤ ካልሆነ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫን።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የላቦራቶሪያችን ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ናቸው። እያንዳንዱን መጫን ሰለቸኝ።

መልስ፦ ክሎንዚላ የሚባለውን የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ይጠቀሙ። ነፃ ነው፤ አንዱን አስተካክለው ኢሜጁን ለሌሎቹ ያዳርሱታል። ማይክሮሶፍት ራሱ የዊንዶውሱን ኢሜጅ መሣሪያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ አያሻሽለውም፤ ስለዚህ እኔ ለእንዲህ ያለ ሥራ ክሎንዚላን ነው የምመርጠው። መልኩ ግን ያስፈራል፤ ጽሑፍ ብቻ ነው። ምንጩንና መድረሻውን ዲስክ ሳያረጋግጡ «ዋይ» (Y፣ አዎ ማለት ነው) እንዳይጫኑ፤ ባዶውን በሙሉው ላይ ይገለብጥብዎታል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ከሌለ ደግሞ መብራት በሚሄድበት ሰዓት አይጀምሩ። ሪስቶር የድሮውን አጥፍቶ ነው የሚጽፈው፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ማሽኑ ባዶውን ይቀራል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬ ሪፔር ዲስክ ለእኔ ይሠራል?

መልስ፦ የዊንዶውሱ ቨርዥን አንድ ከሆነ አዎ። የ32 ቢት ዲስክ ግን የ64 ቢት ኢሜጅ አይመልስም።