የልጆችን ሆድ ለምትመረምሩ ወጣት ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በሐዋሳ በሕፃናት ሕክምናና በላብራቶሪ ሥራ ለጀመራችሁ ይህን የምጽፈው፣ ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ሲጠረጠር የውጤት ወረቀቱን ከልጁ አስቀድማችሁ ስታነቡ ስለማይ ነው።

ካልፕሮቴክቲን ኒውትሮፊል በተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን፣ አንጀት ሲቆጣ ሕዋሳቱ ወደዚያ ስለሚጎርፉ በሰገራ ይወጣል፤ ለጥቂት ቀናትም ሳይበላሽ ስለሚቆይ ከአለታ ወንዶ የመጣ ናሙና እንኳ ሊለካ ይችላል። በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮግራም በታች ሲሆን የዚህ ብግነት ዋና ዓይነቶች የሆኑት ክሮንስም ሆነ አልሰረቲቭ ኮላይትስ የመኖራቸው ዕድል ያንሳል፤ ብዙ ልጆችንም ከማደንዘዣና ከኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ትልቁን አንጀት ከማየት) ያድናል። ዋና ጥቅሙ ለእኔ ይኸው ነው። ከፍ ሲል ግን መቆጣቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ሽጌላ የተባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያም፣ የአንጀት ቲቢም፣ አይቡፕሮፌን የተባለው ማስታገሻም ከፍ ያደርጉታል፣ ከ4 ዓመት በታች ያሉ ጤነኛ ልጆችም ብዙ ጊዜ ከ50 በላይ ይኖራቸዋል።

በእኛ አገር የሚያስፈራኝ ሁለት ዓይነት ስሕተት ነው። አንደኛው፣ ለወራት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ላለበት ልጅ «አሜባ ነው» እየተባለ ሜትሮኒዳዞል በላይ በላዩ መስጠት ነው። እናቱ «ሱሪው ከአምና ወዲህ አላጠረውም» ካለቻችሁ፣ ታናሹም በቁመት ከበለጠው፣ ከማናቸውም ምርመራ በፊት የክብደትና የቁመት መዝገቡን አውጡ፤ የእድገት መቆም ራሱ ጠቋሚ ነው፣ ያውም ገንዘብ የማይጠይቅ። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ካልፕሮቴክቲን ከፍ ስላለ ብቻ ክሮንስ ነው ብሎ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ስቴሮይድ መጀመር፣ በሽታው ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ልጁን ለከፋ አደጋ ይዳርገዋል። ስለዚህ ኢንፌክሽኑ አስቀድሞ ይመርመር፣ ከተገኘም ይታከም፤ ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ኢንዶስኮፒና ባዮፕሲ (ከአንጀት ትንሽ ቁራጭ ወስዶ መመርመር) ወደሚሠራበት ላኩት፣ ምርመራውን የሚያረጋግጠው እሱ ነውና።

ብግነትን የሚጠቁሙት የደም ምርመራዎች ሲአርፒና ኢኤስአር ደኅና ናቸው ብላችሁም አትዘናጉ፤ በተለይ አልሰረቲቭ ኮላይትስ ባለባቸው ልጆች ሁለቱም ጤናማ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፣ ኢኤስአር ደግሞ በደም ማነስ ብቻ ከፍ ይላል። ሄሞግሎቢንንና አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን አብራችሁ እዩ።

በመጠየቂያው ቅጽ ላይ ዕድሜውን፣ የወሰደውን መድኃኒትና ተቅማጡ የጀመረበትን ጊዜ ጻፉ፤ ላብራቶሪ ያላችሁም ባዶ ቅጽ ሲደርሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። በክትትል ወቅት ልጁ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የካልፕሮቴክቲን መለኪያ ኪት ይለካ፤ የአንዱ አምራች 200 ከሌላው 200 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል።