ጥያቄና መልስ፦ የእሳት እራት እንቁላል ስትጥል ላያችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የእሳት እራት እንቁላል ስትጥል ካዩ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለውን ነገር ቆሞ የሚያይ ሰው ይብዛ።

ወንዱም እንቁላል ይጥላል ወይ?

አይጥልም።

አንዲት እህት ማታ ቅጠል ጀርባ ላይ እንቁላል የምትጥል እራት አግኝታ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አየቻት። ከዚያ ጉንዳን እንዳይበላቸው ብላ እንቁላሎቹን በጥፍሯ ፍቃ ጠርሙስ ውስጥ ከተተቻቸው። "ደህና አደረግኩ?" ትላለች።

እህቴ፣ አዝነሽላቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ደህና አላደረግሽም። ያየሽውን እስቲ መልሰሽ አስቢው። እራቷ ያገኘችው ቅጠል ላይ ዝም ብላ አልጣለችም። መጀመሪያ በእግሮቿ መታ መታ ታደርገዋለች። እየቀመሰችው ነው፤ በእግሯ ጣዕም ትለያለች። ሲስማማት የሆዷን ጫፍ አጠፍ አድርጋ ቅጠሉን ትነካለች፣ ለአፍታ ቀጥ ትላለች፣ ቀና ስትል እንቁላሉ ተለጥፎ ይቀራል። ሙጫው ከራሷ ሰውነት የሚወጣ ነው። አንዳንዶቹማ የሆዳቸውን ጸጉር አራግፈው እንቁላሎቹን ያለብሷቸዋል።

ልጆቿን ግን አታያቸውም። የሐር ትል እናት ክንፍ ካወጣች በኋላ ምንም አትበላም። ትል ሳለች ባጠራቀመችው ስብ ከ300 እስከ 500 እንቁላል ትጥልና በቀናት ውስጥ ትሞታለች። እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው። በዱር ያለች እናት ለልጆቿ የምትተውላቸው ያንን ቅጠል ብቻ ነው። ብዙ ትሎች ደግሞ ከጥቂት ተክል በስተቀር ሌላ አይቀምሱም። ገና የተፈለፈለ ትል ሚሊ ሜትር ቢያክል ነው። ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ምን ይብላ?

አሁንም አልረፈደም። ከዚያው ተክል ለጋ ቅጠል አምጪና እንቁላሎቹን አጠገቡ አኑሪ። የጠርሙሱን አፍ በስስ ጨርቅ እሰሪው፣ ፀሐይ አታስነኪው። የብዙዎቹ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈለፈላል። ቀለሙ ሲጠቁር ቀኑ ደርሷል። ትሎቹ ሲወጡ ወደ ተክላቸው መልሻቸው። ሌላ ጊዜ ግን ከነቅጠሉ ተያቸው። ማየት ከፈለግሽ ባትሪሽ ላይ ቀይ ላስቲክ ጠቅልይበት፤ ቀይ ብርሃን ብዙ አይረብሻትም።

የመስኮት መስታወት ላይ የጣለችውስ?

መብራታችሁ አሳስቷት ነው። ብርሃን ስቧት መጥታ መውጫ ስታጣ ያገኘችው ነገር ላይ ትጥላለች። ሳትፈልጉት የሚበራ መብራት ካለ ማታ አጥፉልኝ፤ አደራ።

እንቁላሏ የሱፍ ኮቴን ይበላዋል?

እንቁላል አይበላም። የሱፍ ልብስ የሚበላው የብል ትል ነው። ብል ደግሞ ጨለማ ወዳድ ናት፤ አምፖል የምትዞረዋ እሷ አይደለችም ማለት ይቻላል።

ፎቶ ልከው "ዝርያዋ ምንድን ናት?" ያሉ ጠያቂ፦

ፎቶው ደብዝዟል። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የእሳት እራት ዝርያዎች ከ130,000 በላይ ናቸው። የነፍሳት ባለሙያ ያሳዩ።

ልጃቸው ጸጉራም አባጨጓሬ ይዞ ዓይኑን ያሸ እናት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቀልቶ ሳለ "ቤት ባለ ጠብታ ይለቀዋል ወይ?" ይላሉ።

እማማ፣ ጠብታውን ይተዉት። የአንዳንድ አባጨጓሬ ጸጉር ጫፉ እንደ መንጠቆ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ እየጠለቀ ይሄዳል። ልጁ እንዳያሸው እጁን ይያዙለት። ጸጉሩን የሚያየውም የሚያወጣውም የዓይን ሐኪም ነው። ነገ አይበሉ፣ ዛሬውኑ ይውሰዱት።