በረቂቅ መመሪያ ላይ አስተያየት መስጠት

ጥያቄ፦ አነስተኛ ማኅበር ነን። የቴሌኮም ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በሚያወጣው ረቂቅ መመሪያ ላይ አስተያየት መስጠት እንችላለን? እንዴትስ እንጻፈው?

መልስ፦ ትችላላችሁ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተቋሙ ረቂቁን ይፋ አድርጎ ለአስተያየት ቢያንስ 15 የሥራ ቀናት እንዲሰጥ ያስገድዳል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ድረ ገጹን ሳትሰለቹ ተከታተሉ።

ብዙ አስተያየት መና የሚቀረው «የተጠቃሚው መብት ይከበር» ብሎ ስለሚያበቃ ነው። አርቃቂው በዚህ ምን ያድርግ? አንቀጹን በቁጥር ጥቀሱ፤ በማን ላይ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል በአንድ ምሳሌ አሳዩ፤ ከዚያም የሚተካውን ዐረፍተ ነገር ራሳችሁ አርቅቁ። ከ3 ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። በመዝገብ ቤት ገቢ ስታደርጉ የእናንተ ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ፤ በኋላ «አልደረሰንም» ቢባል ማስረጃችሁ እሱ ነው።