ወደ ኤችቲቲፒኤስ ከተዛወርኩ በኋላ ጎግል ላይ ለምን ወደ ታች ወረድኩ?

ጥያቄ፦ የአገራችንን ምግቦች አሠራር በአማርኛ የምጽፍበት ድረ ገጽ ከከፈትኩ 7 ዓመት ሆኖኛል፤ 400 ያህል ጽሑፎችም አሉበት። አንባቢዎቼ ብሮውዘራቸው «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» የሚል ማስጠንቀቂያ እያሳያቸው መቸገራቸውን ሲነግሩኝ፣ ከ3 ሳምንት በፊት በአንድ ባለሙያ እርዳታ አድራሻዬን ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ (በአንባቢውና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈውን መረጃ ወደሚመሰጥረው) አዛወርኩ። ጎግል ደህንነታቸው የተጠበቀ ገጾችን ያስቀድማል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ጎብኚ ይጨምርልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በፍለጋ ውጤት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይታዩ የነበሩ ጽሑፎቼ ጠፍተዋል፤ የቀን ጎብኚዬም ከግማሽ በታች ወርዷል። ወደ ቀድሞው አድራሻ ልመለስ ወይስ ልታገስ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እባክዎ አይመለሱ። ጎግል የመጀመሪያውን ዝውውር ገና አጣርቶ ሳይጨርስ ሌላ ዝውውር ከተጨመረበት ግራ መጋባቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎግል ብሮውዘር ክሮም በማንኛውም የኤችቲቲፒ ገጽ ላይ የሚያሳየው ማስጠንቀቂያም ተመልሶ አንባቢዎችዎን ያሸሻል። ነገር ግን ዝም ብለው እንዲታገሱም አልመክርም፤ ምክንያቱም የገለጹት መውረድ ከዝውውር ጋር ከሚመጣው የተለመደ መዋዠቅ የበለጠ ነው።

በቅድሚያ የሰሙትን ነገር ልክ እናስቀምጠው። ጎግል ኤችቲቲፒኤስን ለደረጃ አሰጣጥ ከሚያያቸው ምልክቶች አንዱ እንዳደረገው ያሳወቀው በኦገስት 2014 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው መግለጫ ግን ምልክቱ እጅግ ቀላል ክብደት ያለው መሆኑን፣ በወቅቱ የሚነካውም በዓለም ዙሪያ ከሚደረጉ ፍለጋዎች ከ1 በመቶ የሚያንሱትን እንደሆነና ከጽሑፉ ጥራት ጋር እንደማይወዳደር በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ አድራሻው ራሱ ከፍም ዝቅም አያደርግዎትም ማለት ይቻላል። የሚጎዳው ዝውውሩ የተከናወነበት መንገድ ነው፤ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን የምመረምረው እሱን ነው።

ለእኛ የአንድ ፊደል ጭማሪ የምትመስለው ለውጥ ለጎግል አዲስ አድራሻ ናት። እያንዳንዱ የድሮ ገጽ በሰርቨሩ (ድረ ገጹ በተቀመጠበት ኮምፒውተር) ላይ «301» በሚባለው ቋሚ ማዞሪያ በትክክል ወደ አዲሱ ተጓዳኙ ሲመራ፣ ገጹ በዓመታት ያጠራቀመው ዋጋ አብሮት ይሻገራል። ማዞሪያው የተበላሸ እንደሆነ ግን ጎግል አዲሱን ገጽ የሚያየው ትናንት እንደተወለደ አድርጎ ነው። ይህ ደግሞ በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ በተለየ መልኩ ይከሰታል፤ አድራሻዎቻችን ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስላለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። «የሽሮ-ወጥ-አዘገጃጀት» የሚል አድራሻ ያለው ጽሑፍ አለዎት እንበል። በብሮውዘሩ ላይ በአማርኛ ይነበባል፤ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ግን እያንዳንዱ ፊደል በ3 ባይት (በኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ተመንዝሮ፣ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊዎች ተጽፎ ነው። ስለዚህ አንዱ የግዕዝ ፊደል 9 ቁምፊ ይሆናል፤ በዚህ አድራሻ ያሉት 11 ፊደሎች ብቻ 99 ቁምፊ ይወጣቸዋል ማለት ነው። አንዳንድ የማዞሪያ ትእዛዞች ይህን አንዴ የተመነዘረ ጽሑፍ እንደገና ይመነዝሩታል፤ የፐርሰንት ምልክቱ ራሱ «%25» ሆኖ ይጻፋል፤ አንባቢውም ጎግልም የሚደርሱት የሌለ ገጽ ላይ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፉት አድራሻዎች ግን ያለ ችግር ይሻገራሉ። በዚህ ምክንያት ባለሙያው የመግቢያ ገጹን ወይም ስለ እኛ የሚለውን ገጽ ከፍቶ «ሠርቷል» ሊል ይችላል። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄን ስረዳ ከዚህ ብልሽት ጋር ሁለት ምሽት ታግያለሁ፤ ስንሞክራቸው የነበሩት ገጾች ሁሉ የላቲን አድራሻ ያላቸው ስለነበሩ ስህተቱ አልታየንም።

እርስዎም ዛሬውኑ ይሞክሩት። ብዙ ሰው ያነባቸው ከነበሩ ጽሑፎች 10 ያህሉን መርጠው፣ በአማርኛ ፊደል የተጻፈውን የድሮ አድራሻቸውን በኤችቲቲፒ ጀምረው ይክፈቱ። ወደ ራሱ ጽሑፍ ከመራዎት ደህና ነው። አድራሻው ውስጥ «%25» ተደጋግሞ ካዩ ያገኙት የነገርኩዎትን ብልሽት ነው፤ ሰርቨሩ የሚሠራበት ሶፍትዌር አፓቺ ከሆነ ባለሙያዎ በማዞሪያ ትእዛዙ ላይ «ኖኢስኬፕ» የተባለውን ምልክት በመጨመር ብዙ ጊዜ ሊያስተካክሉት ይችላሉ። ሁሉም ጽሑፎች ወደ መግቢያው ገጽ የሚመሩ ከሆነም ችግር ነው፤ ጎግል እንዲህ ያለውን ማዞሪያ ገጹ እንደጠፋ ይቆጥረዋል።

ማዞሪያው ትክክል ሆኖ ከተገኘ፣ በገጾቹ ኮድ ውስጥ ያለው የካኖኒካል መስመር (የገጹ ዋና አድራሻ የትኛው እንደሆነ ለጎግል የሚነግረው) አዲሱን አድራሻ መጥራቱን ያረጋግጡ። ማዞሪያው ወደ አዲሱ እየመራ ካኖኒካሉ «ዋናው የድሮው ነው» የሚል ከሆነ ለጎግል ሁለት የሚጋጩ መልእክቶች እየሰጡት ነው። ሳይትማፑና (የገጾቹን አድራሻ ለጎግል የሚዘረዝረው ፋይል) የውስጥ ሊንኮቹም እንዲሁ መታደስ አለባቸው።

ቁጥሩን ያዩት በጎግል ሰርች ኮንሶል (ድረ ገጽዎ በፍለጋ ውጤት ላይ ያለውን ሁኔታ በሚያሳየው የጎግል መሣሪያ) ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ያስመዘገቡት በኤችቲቲፒ የሚጀምረውን አድራሻ ብቻ ከሆነ፣ ወደ አዲሱ አድራሻ የሚመጣው ጎብኚ እዚያ አይቆጠርም፤ ሁሉም ነገር በትክክል ቢሄድ እንኳ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። አዲሱን አድራሻ ለብቻው ይጨምሩ፤ ወይም ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚያሳየውን የዶሜይን ምዝገባ ይጠቀሙ። «አድራሻ ቀይር» የሚለውን መሣሪያ ግን አይንኩት፤ ለዚህ ዓይነቱ ዝውውር የተሠራ አይደለም።

የእርስዎን በሚያህል ድረ ገጽ ላይ አብዛኞቹ ገጾች ተሻግረው እስኪያልቁ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ከጥገናው በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚታገሱት። ማዞሪያዎቹን ቢያንስ ለ1 ዓመት፣ ከተቻለም ለዘለቄታው ይተዉአቸው። 7 ዓመት የተደከመበት ሥራ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ከአንባቢ ዓይን ሲሰወር ማየት ያሳዝናል፤ ጽሑፎችዎ ግን አሁንም በቦታቸው አሉና ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ ሆስቲንግ (ድረ ገጼን የማስቀምጥበትን ቦታ) የምገዛበት ድርጅት፣ ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውና በዓመት የሚከፈልበት ሰርተፊኬት «ጎግል ላይ ከነጻው የተሻለ ደረጃ ያሰጣል» ብሎኛል። እውነት ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እውነት አይደለም። ጎግል ለደረጃ ሲል ሰርተፊኬቱ በስንት እንደተገዛ አያይም፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ተቋም በነጻ የሚሰጠውም ይበቃዎታል። የነጻው ዕድሜ አጭር ስለሆነ ድርጅቱ እድሳቱን በራስ ሰር እንደሚያደርግልዎ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካለፈበት ብሮውዘሩ ገጹን ከማሳየቱ በፊት ሙሉ ስክሪን የሚሸፍን ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ አብዛኛው አንባቢም ከዚያ አልፎ አይገባም።