137 ኪሎኸርዝ ላይ ጩኸት ብቻ ለሚሰማው ወንድማችን

ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ቤታችሁ ጣሪያ ላይ ለአንቴና 40 ሜትር ሽቦ ዘርግተሃል። ረጅም ሞገድ በሚባለው ክልል፣ 137 ኪሎኸርዝ ላይ የአውሮፓ አማተሮችን (ለፍቅሩ ብለው ሬዲዮ የሚላላኩትን) ልትሰማ ሞክረህ ከጩኸት በቀር ያገኘኸው የለም። «ሽቦውን ላስረዝም ወይስ ማጉያ ልግዛ? ወደፊትስ ከድሬ መላክ ይቻላል?» ነው ያልከው። አቦ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱንም ተዋቸው!

እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ሽቦውን አስረዘምኩ፤ ጩኸቱም አብሮ ጨመረ። ቀጥዬ ማጉያ ገዛሁ። ያኔ ከጅቡቲ በ1431 ኪሎኸርዝ የሚያሰራጭ ኃይለኛ ጣቢያ ነበር። ማጉያው እሱን መሸከም አቅቶት በየቦታው ይተፋው ጀመር። የትም ባዞር እሱ ነው። የሁለት ወር ቁጠባዬ እንዲህ ቀለጠ።

አንተ ዘንድ የጎደለው ጉልበት ሳይሆን ጸጥታ ነው። የሞባይል ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የጎረቤት ኢንቨርተር፣ ሁሉም ረጅም ሞገድ ላይ ይጮሃሉ። ቀፊራ ገበያ መሀል ቆመህ ሹክሹክታ ለመስማት እየታገልክ ነው።

ይህን ያስተማረኝ መብራት መጥፋቱ ነው። ያኔ ሬዲዮውን ትቼ ጥቅል ሽቦ እንደ አንቴና ከላፕቶፕ የድምፅ ካርድ ጋር አያይዤ፣ የሚገባውን ምልክት በስክሪን ላይ በመስመር ማየት ጀምሬ ነበር። አንድ ማታ ሰፈሩ ድርግም አለ። ፋኑ ቆመ፣ እናቴ እያማረረች ሻማ ፍለጋ ገባች። ላፕቶፑ በባትሪ ላይ ነበር። ስክሪኑን እንደ ወተት ሸፍኖት የነበረው ጩኸት ተገፈፈና ቀጫጭን መስመሮች ብቅ አሉ። 19.8 ኪሎኸርዝ ላይ ያለው አውስትራሊያ ኖርዝ ዌስት ኬፕ የሚገኘው፣ ለሰርጓጅ መርከቦች የሚልከው ጣቢያ ነው። ከድሬ ከ8 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። 18.2 ላይ የሕንድ ባሕር ኃይል፣ 23.4 ላይ ደግሞ ጀርመን ነበሩ። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ በእልልታ ሲቀበለው እኔ አዘንኩ።

ስለዚህ 137ን ለጊዜው አቆየውና ከ24 ኪሎኸርዝ በታች ጀምር። ተራ የድምፅ ካርድ ምልክቱን በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ ስለሚለካ (ናሙና ስለሚወስድ) የዚያን ግማሽ፣ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ድረስ ያያል። ምልክቶቹን በመስመር የሚያሳየውን፣ ስፔክትረም ላብ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንበት። ለአንቴና 1 ሜትር በ1 ሜትር የእንጨት ፍሬም ሠርተህ 50 ዙር ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠቅልልበት። 200 ሜትር ይበላል። ሞተር የሚጠቀልሉ ልጆች ጋ ትራፊ አታጣም። የተቃጠለ ፋን ሽቦ ግን አትጠቀም። ቫርኒሹ ተሰነጣጥቆ ዙሮቹ ይነካካሉ። እኔ አንዴ ሙሉ ቀን ጠቅልዬ ፈትቼዋለሁ።

አቅጣጫው ደግሞ ወሳኝ ነው። ሐረር ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሰፌድ አስብ። ፊቱን ለጣቢያው ከሰጠኸው ዝም ይላል፤ ጠርዙን ስትሰጠው ነው የሚሰማው። ፊቱን ለጎረቤት ኢንቨርተር ስጠው። የላፕቶፑን ቻርጀር መንቀል እንዳትረሳ፤ ዋናው ጠላት ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከዚያ ከከተማ ውጣ። እኔና ጓደኛዬ ጥር ላይ በፒክአፕ ደንገጎ ወጣን። ሞተሩን አጥፍተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን እስኪነጋ ተቀመጥን። በሰከንድ 192 ሺህ ናሙና የሚወስድ የድምፅ ካርድ ተውሼ ነበር። ሊነጋጋ ሲል 77.5 ኪሎኸርዝ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነች መስመር ታየች። የጀርመኑ የሰዓት ጣቢያ ዲሲኤፍ77 ነው፤ የሚልከው በ50 ኪሎዋት ነው። ፀሐይ ስትወጣ ጠፋች። አንድ ገበሬ ፍሬሙን አይቶ «ወርቅ አገኛችሁ?» ብሎ ጠየቀን። የወርቅ መፈለጊያ መስሎታል።

አሁን ስለ 137 እውነቱን ልንገርህ። እኔ የአውሮፓ አማተር እስካሁን አልያዝኩም። 50 ኪሎዋት እንዲያ ከቀጠነ የአማተሩን ገምተው። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ከ135.7 እስከ 137.8 ኪሎኸርዝ ያለውን ለአማተሮች ሲፈቅድ፣ የሚረጨውን ኃይል በ1 ዋት ገድቦታል። ይህን በጆሮ አትሰማውም፤ በዓይን ነው የምታየው። አንዳንዶቹ ሞርስ (የነጥብና የሰረዝ ኮድ) ሲልኩ አንዷ ነጥብ ብቻ 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ትቆያለች። ወይም ዊስፐር (WSPR) የተባለውን፣ በጣም ደካማ ምልክት በኮምፒውተር የሚፈታበትን ዘዴ ይጠቀማሉ። እሱን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ጆ ቴይለር ነው። አንዱ መልእክት ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የኮምፒውተርህ ሰዓት ሁለት ሰከንድ ካዛነፈ ግን አይፈታልህም።

ወቅትም ምረጥ። ክረምት ላይ አትልፋ፤ የመብረቁ ፍንጣቂ ሁሉን ይሸፍነዋል። ከታህሳስ እስከ ጥር ይሻላል። ያኔም ቢሆን ከኮንጎ በኩል የሚመጣው መብረቅ አይቀርልህም።

መላክ? መጀመሪያ ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልግሃል። ያለ ፈቃድ አትንካው። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ፣ በደንብ የሚልክ የቆመ አንቴና የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል ቢሆን ይመረጣል፤ በ137 ኪሎኸርዝ ሩቡ 550 ሜትር ገደማ ነው። አንተ ደግሞ 12 ሜትር ብረት ብታቆም ነው። 100 ዋት ብትሰጠው አየር ላይ የሚወጣው ከ1 ዋት በጣም ያንሳል። የቀረው መሬቱን ሲያሞቅ ያድራል፤ የደቻቱ ወንዝ ዓይነት ደረቅ አሸዋ ደግሞ መጥፎ መሬት ነው። በዚያ ላይ 40 ሜትሩን ሽቦህን ከላይ አስረህ 1 አምፔር ብታስገባ ሽቦው ላይ 4 ሺህ ቮልት ገደማ ይቆማል። ልጆች የሚወጡበት ጣሪያ ላይ ይህን አላስበውም።

ሞተር ጠቅላዮቹ ጋ ሽቦ ካጣህ እኔ ጋ ለአንድ ፍሬም የሚበቃ ተርፎኛል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።