18 ፓውንድ ተረፈኝ ላልከኝ ወንድሜ

ጥያቄህን ላላነበበ ሰው በአጭሩ ላስቀምጠው። ልጁ 21 ዓመቱ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። አርኦቲሲ፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲ ውስጥ መኮንን የሚያሠለጥነው ፕሮግራም፣ ገብቶ ሲመረቅ የአሜሪካ ጦር ምክትል መቶ አለቃ መሆን ይፈልጋል። ቁመቱ 5 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ክብደቱ 192 ፓውንድ። በጦሩ ሰንጠረዥ ለእሱ ዕድሜና ቁመት ሲፈቀድ የኖረው 174 ነው። «ከሦስት ሳምንት በኋላ እለካለሁ፤ እስከዚያ በቀን አንዴ ሾርባ ብቻ እየጠጣሁ፣ ሳውና እየገባሁ ላውርደው?» ይለኛል።

አታድርገው። እባክህ።

18 ፓውንድ፣ ማለትም 8 ኪሎ ገደማ፣ በሦስት ሳምንት ብታወርድ እንኳ አብሮ የሚሄደው ውሃና ጡንቻ ነው። ከዚህ በፊት የመከርኩት አንድ ልጅ ሁለት ቀን ውሃ ሳይቀምስ ሚዛን ላይ ወጣና አለፈ። በማግስቱ ሩጫው ላይ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ መሬት ላይ ተቀመጠ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ልጁ ጎበዝ ነበር።

ደግሞ ሚዛኑ የመጀመሪያው ወንፊት ብቻ ሆኖ ነው የኖረው። ከ174 በላይ የሆነ ሰው ወደቀ ማለት አልነበረም፤ ቀጥሎ በሜትር ይለካ ነበር። ጦሩ በ2023 አለካኩን ቀይሮ አንድ ቦታ ብቻ፣ እምብርት ላይ፣ መለካት ጀመረ። ከ21 እስከ 27 ዓመት ላለ ወንድ ሲፈቀድ የኖረው የሰውነት ስብ 22 በመቶ ነው። አየር ኃይሉም በዚያው ዓመት ወገብን ለቁመት አካፍሎ ከ0.55 በታች ይሁን አለ። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር የዘንድሮውን ከአርኦቲሲ ቢሮው ጠይቅ። ግን ገባህ አይደል? የሚፈለገው ቦርጭህ እንዲቀንስ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበላ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጣ። ሸሚዝህን አውልቅ፣ ቀጥ ብለህ ቁም፣ እጆችህን ወደ ታች ልቀቅ። እህትህ ወይ እናትህ በእምብርትህ ላይ ዙሪያውን ትለካህ፣ ሜትሩ ከኋላ እንዳይወርድ እያየች። እንደ ወትሮህ ተንፍሰህ ስትጨርስ ቁጥሩን ታንብብ። ሆድህን አትሳብ፣ እዚያ ያለው ለካኝ አያልፍህም።

አሁን ስለ ሦስቱ ሳምንት። ስኮላርሺፕ ካልያዝክ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የአርኦቲሲ ትምህርት ሳትፈርም መከታተል ይቻላል። ከባዱ ልኬት ጦሩን ለማገልገል ኮንትራት ስትፈርም ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ዓመት መግቢያ ላይ ይመጣል። ሄደህ ኃላፊውን መኮንን ፊት ለፊት ጠይቀው፦ «የምለካው ለመመዝገብ ነው ወይስ ለመፈረም?» የእነዚህ ሁለት ዓመታት ኮርሶች አምልጠውህ ከሆነም ክረምት ላይ ኬንታኪ፣ ፎርት ኖክስ የሚሰጥ ቤዚክ ካምፕ የሚባል ማካካሻ ሥልጠና አለ፤ ስለሱም አንሳበት። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከቀነስክ 8 ኪሎ ከሁለት እስከ አራት ወር ይፈጃል። ጊዜ አለህ ማለት ነው።

ፈተናውንም አትርሳ። ከሰኔ 2025 ጀምሮ ያለው የጦሩ ፈተና አምስት ነገር አለው፦ ዴድሊፍት (ከባድ ክብደት ከመሬት ማንሳት)፣ ፑሽ አፕ፣ ዕቃ እየጎተቱና እየተሸከሙ መሮጥ፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ቀጥ ብሎ መቆየት)፣ ሁለት ማይል ሩጫ። ተርቦ የከሳ ሰው ዴድሊፍቱ ላይ ይቸገራል። ከዛሬ ጀምረህ ክብደት አንሳ፣ ሩጥ።

ምግቡ ላይ ብዙ አላካብድም። ማታ ከሥራ ስትገባ እናትህ የምታስቀምጥልህን ትሪ ሙሉ እንጀራ ነግረኸኛል። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ቁጭ ብለህ ንገራት፤ «ማሚ፣ እንጀራውን ግማሽ፣ ምስሩንና ጎመኑን ጨምሪልኝ» በላት። ጾም ከሆነ ጹም፤ ግን ጾም ነው ተብሎ ዘይት የጠጣ ፓስታና ዳቦ ሲደራረብ ነው ቦርጭ የሚመጣው። ለስላሳውን ዛሬውኑ ተው።

አንድ ነገር ደግሞ አልጻፍክልኝም፦ ዜግነት አለህ? በግሪን ካርድ ተራ ወታደር ሆኖ መቀጠር ይቻላል፣ ለመኮንንነት ኮንትራት መፈረም ግን አይቻልም። ይኼ ከ18 ፓውንዱ ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ወረቀት በሩጫ አይፈጥንም። ግሪን ካርድ ከያዝክ አምስት ዓመት እየሞላህ ከሆነ የዜግነት ማመልከቻውን አሁኑኑ ጀምር።

ቅዳሜ የተለካኸውን ጻፍልኝ። ፓውንዱን ሳይሆን ኢንቹን።